ያልነኩት ፋይል ለምን «ሴቭ ይደረግ?» ይላል
ከሽያጭ ሶፍትዌር የወጣ የዋጋ ዝርዝር በኤክሴል ከፍተው፣ አንድም ቁጥር ሳይነኩ ሊዘጉ ሲሉ «ለውጡ ሴቭ ይደረግ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ለመሆኑ ማን ለወጠው?

የለወጠው ራሱ ኤክሴል ነው። ፋይሉን ያወጣው ሶፍትዌር ብዙውን ጊዜ ፎርሙላውን ይጽፋል እንጂ ውጤቱን አያሰላም። ኤክሴል ሲከፍተው ያሰላል፤ ስሌቱንም እንደ ለውጥ ይቆጥረዋል።

ጉዳዩ ገንዘብ ይነካል። ሴቭ ሳይደረግ የተላከ ፕሮፎርማ፣ ስሌት በማይሠራ የስልክ ማሳያ ሲከፈት ድምሩ 0 ወይም ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመላክዎ በፊት በኤክሴል ከፍተው ሴቭ ያድርጉ።

«ቱዴይ» የተባለው ፎርሙላ ግን ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር የዕለቱን ቀን ይተካል። ዋጋው የሚጸናበት ጊዜ በእርሱ ከተሰላ፣ ከወር በኋላ የከፈተው ገዢም ጊዜው ያላለፈ ይመስለዋል። የፕሮፎርማን ቀን በእጅ መጻፍ ይበጃል።