የዕለቱ መና ይበቃል

የጥናቱ ክፍል፦ ኦሪት ዘጸአት 16

ዛሬ በምድረ በዳ ስለ ወረደው መና አብረን እናጠናለን። ነገሩ የእስራኤል ብቻ አይደለም። ቀን በታክሲ፣ ሌሊት በፓርኪንግ የምንሠራ፣ ልጆቻችንን ተኝተው ትተን ወጥተን ተኝተው የምናገኛቸው፣ የእኛም ነው።

1. ሥራ አልቀረላቸውም

መናው ከሰማይ ቢወርድም ድንኳን ውስጥ አልገባም። በየማለዳው ወጥተው ይሰበስቡ ነበር፤ ፀሐይ ሲሞቅ ይቀልጣል። እግዚአብሔር ይሰጣል፣ እኛ እንሰበስባለን። ዕረፍት ስንፍና አይደለም።

2. ልክ ነበረው

ለአንድ ሰው አንድ ጎሞር። ትእዛዙን ተላልፈው ያሳደሩት ተላ፣ ሸተተ። ልብ በሉ፤ ማስቀመጥ በራሱ አልተከለከለም። በስድስተኛው ቀን እጥፍ ሰብስበው አሳደሩ፤ አልሸተተም። ልዩነቱ አንዱ በእግዚአብሔር ቃል፣ ሌላው ባለመታመን መቀመጡ ነው። እናንተስ የምታስቀምጡት በዕቅድ ነው ወይስ በፍርሃት?

3. ባዶ ልፋት አለ

በሰባተኛው ቀን የወጡት ደከሙ እንጂ ምንም አላገኙም። ዛሬም እንዲህ ያለ ድካም አለ። በአሜሪካ ሕግ በአንድ ቀጣሪ ዘንድ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ የሠራ አብዛኛው የሰዓት ተከፋይ ለትርፉ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈለዋል። በሁለት የተለያዩ ቀጣሪዎች ዘንድ 40፣ 40 ሰዓት የሠራ ግን ይህን ጭማሪ አያገኝም። በዚያ ላይ ታክሱን፣ ቤንዚኑን፣ የሞግዚቱን ቀንሱ። ምን ተረፈ?

በዚህ ሳምንት ባልና ሚስት ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡ፦

- ሁለተኛው ሥራ ወጪው ሲቀነስ ስንት ያስገባል?
- የቤታችን ጎሞር ስንት ነው? ኪራይ፣ ቀለብ፣ አሥራት፣ ቁጠባ ጻፉ። ለአገር ቤት የምትልኩትን ወስናችሁ በፍቅር ንገሯቸው፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሽፍት አትጨምሩ።
- የትኛውን ቀን እንዝጋ?

በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች፣ የዕረፍት ቀን መምረጥ በእጃችሁ ላይሆን ይችላል። ይህ ትምህርት ለእናንተ ወቀሳ አይደለም። ፈርዖን ለእስራኤል ዕረፍት አልሰጠም፤ ጩኸታቸውን ሰምቶ ያወጣቸው አምላክ ግን ሰጣቸው። እናንተንም ያያል። ቤተ ክርስቲያንም በጸሎት ብቻ ሳይሆን ደውላ በመጠየቅ አብራችሁ ልትቆም ይገባታል።

ወገኖች፣ መናው ለ40 ዓመት አልተቋረጠም። ጠዋት የሰጠ አምላክ ነገም አለ። ዛሬ ማታ ልጆቻችሁ ሳይተኙ ግቡ።

ጌታ ይባርካችሁ። አሜን።