ፌሮ ከመቀበሩ በፊት ምን ይመርመር?

ጅግጅጋ ላይ በየአቅጣጫው ፎቅ እየተነሣ ነው። ኮለን ውስጥ የገባ ፌሮ ኮንክሪት ከፈሰሰበት በኋላ አይታይም፤ ብረቱን ማወቅ ያለብን ከዚያ በፊት ነው። ቀስ ብለን እንሂድበት።

መጀመሪያ፣ ብረቱን የሚያበላሸው ባዕድ ነገር ከየት ይገባል? አገር ውስጥ የሚቀልጠው ብረት መነሻው ቁራሌ የሰበሰበው ቁርጥራጭ ነው። ከአሮጌ መኪና ጋር የሽቦውና የሞተሩ መዳብ አብሮ ይገባል። የ1970 ዓ.ም. ጦርነት በካራማራ ዙሪያ ጥሎት እንደሄደው ያለ የታንክ ብረት ደግሞ ኒኬልና ክሮሚየም ይዞ ይመጣል።

ቀጥሎ፣ ፎስፈረስና ሰልፈርን ጨምሮ እያንዳንዱ ባዕድ ነገር ምን ያደርጋል? ፎስፈረስ የበዛበት ፌሮ ሲታጠፍ ሳይለመጥ ይሰበራል። ሰልፈር ጉዳቱ ብረቱ ቀልቶ ሲዳመጥ ነው፤ ማንጋኒዝ ከተጨመረ ግን ይይዘዋል። መዳብን በደንብ እንየው። ምድጃ ውስጥ ኦክስጅን ብንነፋ ከመዳቡ በፊት የሚቃጠለው ራሱ ብረቱ ስለሆነ፣ መዳብ ወጥ ውስጥ እንደ ገባ ጨው ተመልሶ አይወጣም። ብረቱ ለመዳመጥ ሲግል ላዩ ከአየር ጋር ተቃጥሎ ቅርፊት ያወጣል፤ መዳቡ ከቅርፊቱ ሥር ይጠራቀማል፤ በ1085 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጥና በብረቱ ቅንጣቶች መካከል ሰርጎ ላዩን ይሰነጥቀዋል።

ፎስፈረስንስ ማውጣት ይቻላል? ሲድኒ ጊልክሪስት ቶማስ በ1878 እ.ኤ.አ. ገደማ የምድጃውን ሽፋን ለውጦ ኖራ በመጠቀም መንገዱን አሳይቷል። ውስጣቸው በሲሊካ የተለበጠ የኢንዳክሽን ምድጃዎች ግን ይህን አይችሉም። ስለዚህ እኔ ዋናው የጥራት ሥራ ቁርጥራጩ ሲለይ ነው እላለሁ።

አሁን ወደ መለኪያው። ከፌሮው ናሙና ይቆረጣል፤ ፊቱ በግራይንደር ይጸዳል፤ ስፔክትሮሜትር የተባለው መሣሪያ በአርጎን ጋዝ ውስጥ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይለቅበታል። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱን የብርሃን ቀለም ይሰጣል፤ የቀለሙ ድምቀት መጠኑን ይናገራል። በእንግሊዙ ደረጃ ቢኤስ 4449 መሠረት በቅልጡ (በአንድ ጊዜ በቀለጠው ብረት) ውስጥ ካርቦን ከ0.22፣ ፎስፈረስና ሰልፈር እያንዳንዳቸው ከ0.05፣ መዳብ ከ0.80 በመቶ ማለፍ የለባቸውም። ኒኬልና ክሮሚየም ከካርቦኑ ጋር በቀመር ይሰላሉ፤ ውጤቱ ከ0.50 ካለፈ ፌሮው ሲበየድ ሊሰነጠቅ ይችላል።

መሣሪያው በአቅራቢያችሁ ከሌለ ናሙናውን አዲስ አበባ ወዳለው የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ላኩ። ከአንድ ቤርጋ ብቻ ግን አትቁረጡ፤ አንድ መኪና ላይ ከተለያየ ቅልጥ የወጣ ፌሮ ሊጫን ይችላል። በየጥቅሉ ላይ የተንጠለጠለውን የቅልጥ ቁጥር ከምስክር ወረቀቱ ጋር አመሳክሩ፤ ቁጥሩ በተለወጠ ቁጥር አዲስ ናሙና ውሰዱ። ያልገጠመውን ጥቅል ለብቻው አስቀምጡ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ፌራዮው አይንካው።