ትምህርት ዐሥራ አራት፦ ምርጫና ውጤቱ

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። በምታነቡበት ጊዜ በ«ቢ-»፣ በ«ከ-» እና በ«ኖሮ» የተገነቡትን ዐረፍተ ነገሮች ለይታችሁ አስተውሉ።

ተረት የሚሰማ ሰው የባለታሪኩን ዕድል ሊለውጥ አይችልም። ባለታሪኩ ወደ ገደል ሲያመራ ቢያይ እንኳ «ተመለስ» ብሎ ሊያድነው አይቻለውም። የቪዲዮ ጨዋታ ግን ከዚህ ይለያል። በተለይ ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ በሚጓዝበት የጨዋታ ዐይነት የታሪኩ ሂደት በከፊል በእጁ ነው። በእንዲህ ያለው ጨዋታ ለተጫዋቹ የሚሰጠው ሥራ ተልእኮ ይባላል። የጠፋ ሰው መፈለግ፣ መልእክት ማድረስ፣ የተጣሉትን ማስታረቅ፣ እነዚህ ሁሉ ተልእኮዎች ናቸው።

ለመሆኑ ተጫዋቹ ነፃ ነው የሚባለው መቼ ነው? ብዙዎች የመንገዱን ብዛት ይቈጥራሉ። ይሁን እንጂ ሦስቱም መንገዶች ወደ አንድ በር የሚያደርሱ ከሆነ ምርጫው የይስሙላ ነው። ነፃነት የሚታወቀው እያንዳንዱ መንገድ የየራሱን ውጤት ሲያስከትል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ የወጣው ፎልአውት የተባለው ጨዋታ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ከኑክሊየር ጦርነት በኋላ በካሊፎርንያ ምድር ነው። በአንድ የምድር ውስጥ መጠለያ የሚኖሩ ሰዎች ውሃቸውን የሚያጣራው መሣሪያ ዋና ክፍሉ ይበላሽባቸዋል። ተጫዋቹም ምትኩን በ150 ቀናት ውስጥ ፈልጎ እንዲያመጣ ይላካል። ዕቃው የሚገኘው ግን ጨረር አካላቸውን የለወጠባቸው ሰዎች በሚኖሩበት የፈራረሰ ከተማ ሥር ነው። እነርሱም ውሃ የሚያገኙት በዚሁ ዕቃ አማካይነት ነው።

ተጫዋቹ ዕቃውን ነቅሎ ቢወስድ የራሱን ወገኖች ያድናል፤ የከተማይቱን ነዋሪዎች ግን ለውሃ ጥም ይዳርጋል። አስቀድሞ የተበላሸውን የውሃ ፓምፕ ከጠገነላቸው ሁለቱም ወገኖች ውሃ ያገኛሉ። ለጥገናው የሚሆነውን መለዋወጫ ግን ከፍሳሽ ቦይ ውስጥ መፈለግ ይኖርበታል፤ ቀኑም ይቈጠራል። እንዲጠግን የሚያስገድደው ሕግ የለም። ሳይጠግን ቢሄድም ጨዋታው አይቋረጥበትም። ጨዋታው አስገድዶት ቢሆን ኖሮ ደግነቱ የተጫዋቹ ሳይሆን የንድፍ አውጪው በሆነ ነበር።

የተጫዋቹ ነፃነት ግን ወሰን አለው። እ.ኤ.አ. በ1974 በታተመውና ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው በሚጫወቱት ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ታሪኩን የሚመራው ሰው ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ ያልታሰበ ነገር ቢያደርግ እንኳ መሪው ወዲያው ምላሽ ይፈጥርለታል። ታሪኩ አስቀድሞ በተጻፈበት የኮምፒዩተር ጨዋታ ግን ደራሲው ያላሰበው ንግግር አይገኝም። ሁለት ሁለት አማራጭ ያላቸው 3 መገንጠያዎች ቢኖሩ 8 መንገዶች ይፈጠራሉ፤ መገንጠያዎቹ 10 ቢሆኑ መንገዶቹ 1,024 ይሆናሉ። ይህን ሁሉ ጽፎ መጨረስ እጅግ አድካሚ ነው። ከዚህም የተነሣ ንድፍ አውጪው ራሱ የትኛውን ነፃነት ሰጥቶ የትኛውን እንደሚነሣ መምረጥ ግድ ይሆንበታል።

እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው በሞሮዊንድ ተጫዋቹ ለታሪኩ እጅግ የሚያስፈልግ ሰው ቢገድል ጨዋታው አይከለክለውም፤ የትንቢቱ ክር መበጠሱን ብቻ ያስታውቀዋል። በ2006 በወጣው ተከታዩ በኦብሊቪየን ግን እንዲህ ያሉ ሰዎች ቢመቱ ራሳቸውን ስተው ይወድቃሉ እንጂ አይሞቱም። የፊተኛው ነፃነትን ሲጠብቅ ታሪኩን ለአደጋ አጋለጠ፤ የኋለኛው ታሪኩን ሲጠብቅ ነፃነትን ቀነሰ።

እርግጥ ነው፣ በምርጫው የተጸጸተ ተጫዋች ቀድሞ ያስቀመጠውን ጨዋታ ከፍቶ እንደገና ሊጀምር ይችላል። በሕይወት ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ለ. የሰዋስው ማስታወሻ

ሁኔታን የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር ሁለት ክፍሎች አሉት፤ እነዚህም ሁኔታውን የሚናገረው ጥገኛ ሐረግና ውጤቱን የሚናገረው ዋና ሐረግ ናቸው።

1. ይሆናል ተብሎ የሚጠበቅ፦ «ፓምፑን ከጠገነ ሁሉም ውሃ ያገኛሉ።»
2. ገና ያልተወሰነ፦ «ዕቃውን ነቅሎ ቢወስድ ነዋሪዎቹ ይጠማሉ።»
3. ጊዜው ያለፈበትና ያልተፈጸመ፦ «ፓምፑን ጠግኖ ቢሆን ኖሮ ነዋሪዎቹ ባልተጠሙ ነበር።»

«ፓምፑን ከጠገነ» ብለን ብናቆም ሰሚው «ምን ይሆናል?» ብሎ ይጠይቀናል። ማሰሪያ አንቀጽ የሌለው ሐረግ ጎደሎ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ውጤት የሌለው ምርጫም ጎደሎ ነው።

ሐ. መልመጃ

1. ከምንባቡ ውስጥ በ«ቢ-» የተገነቡ አራት ዐረፍተ ነገሮችን አውጥታችሁ ጥገኛውን ሐረግ ከዋናው ለዩ።
2. ጨዋታው ተጫዋቹን ቢያስገድደው ደግነቱ የንድፍ አውጪው ይሆን ነበር የተባለው ለምንድን ነው? በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።
3. ሁለት መንደሮች ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፤ ምንጩም እየደረቀ ነው። ቁልፉ የተሰጠው ለአንድ ወጣት ነው። ይህን መነሻ በማድረግ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። የመጀመሪያው አንቀጽ ችግሩን፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው የሁለት ልዩ ልዩ ምርጫዎችን ውጤት ያሳዩ። የትኛው ምርጫ ትክክል እንደ ሆነ አትናገሩ፤ ፍርዱን ለአንባቢው ተዉለት።