ባለበገናው ሲል የት ይከርማል?

ፍልሰት ስናስተምር ወፍ ብቻ መጥራት ለምዶብናል። እስቲ ዛሬ ሲል የተባለውን የባሕር አጥቢ እንይ። ጀርባው ላይ በገና የመሰለ ጥቁር ምልክት አለው።

መውለጃው ሦስት ቦታ ነው፦ ምሥራቅ ካናዳ፣ የግሪንላንድ ባሕርና የሩሲያ ነጭ ባሕር። በየካቲትና በመጋቢት በረዶ ላይ ይወልዳል። እናቲቱ 12 ቀን ያህል አጥብታ ትታው ትሄዳለች። ትልልቆቹ ጠጉራቸውን ቀይረው፣ ወደ ሰሜን የሚሸሸውን በረዶ ይከተላሉ። እኛ ክረምት ስንገባ እነሱ አርክቲክ ናቸው፤ ቅዝቃዜው ሲበረታ ይመለሳሉ። ደርሶ መልሱ ከ4000 ኪሎ ሜትር ሊበልጥ ይችላል።

ግልገሉ ግን እስኪጠና በረዶው ሊቆይለት ይገባል። በ2010 እ.ኤ.አ. በካናዳ ሴንት ሎውረንስ ባሕረ ሰላጤ በረዶ በመጥፋቱ ብዙ ግልገል አለቀ።

ስለዚህ ክፍል ስንገባ «ከየት ወዴት?» ብለን አናቁም፤ «በረዶው ቀድሞ ቢቀልጥስ?» ብለንም እንጠይቅ።