ስለ ድመት እናት አጠባብና ስለ ግልገሎቿ አስተዳደግ

ገበሬ ዓመት ሙሉ ደክሞ ያመረተውን እኽል ወደ ጎተራው ካስገባ በኋላ ድካሙ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ከአንበጣና ከውርጭ ያመለጠ እኽል ገና ከአይጥ አላመለጠም። አይጥ ከምትበላው ይልቅ በሽንቷና በዐይነ ምድሯ የምታበላሸው ይበዛል። ይህን ጠላት ያለ ደመወዝ ሌሊት የምትጠብቅ ድመት ናት። ስለዚህ ድመት ልጆቿን እንዴት አጥብታና መግባ እንደምታሳድግ ማወቅ ሊናቅ አይገባም፤ ከእናቷ ጋራ በደኅና ያላደገች ድመት ለጎተራ የምትሰጠው ጥቅም ጥቂት ነውና።

1ኛ፤ ስለ መውለዷ።

ድመት ከ63 እስከ 65 ቀን ያህል አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ግልገል ትወልዳለች። አንዱ ግልገል 100 ግራም ያህል ይመዝናል። ሲወለድ ዓይኑ የተጨፈነ፣ ጆሮው የተደፈነ ነው፤ ገላውንም በራሱ ማሞቅ አይችልም። ዓይኑ የሚገለጠው ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ እናቱን የሚያገኛት በማሽተትና በገላዋ ሙቀት ነው።

እናቲቱ ለመውለድ ጨለማና ደረቅ ስፍራ ትፈልጋለች። ባለቤቱ ጭድ ወይም አሮጌ ጨርቅ ያለበት ቅርጫት ከነፋስና ከውሻ በራቀ ማእዘን ቢያኖርላት ይበቃል። ሰው እየመላለሰ ቢነካካባት ግን ግልገሎቿን በማጅራታቸው አንጠልጥላ ወደ ሌላ ስፍራ ታሸሻቸዋለች፤ በዚህም ጊዜ ከመካከላቸው በብርድ የሚሞት አይጠፋም።

2ኛ፤ ስለ ማጥባቷ።

ከሁሉ በፊት የሚወርደው ወተት እንገር ነው። ጥጃ ከላም እንገር እንደሚጠቀም ሁሉ የድመት ግልገልም በሽታ የሚከላከልበትን ኀይል ከእናቱ እንገር ያገኛል። ይህን ኀይል ወደ ደሙ ሊያስገባ የሚችለው ከተወለደ አንድ ቀን ሳይሞላው ስለ ሆነ፣ በዚያ ቀን ከእናቱ የሚለየው ሰው ሕይወቱን ያሳጥርበታል።

ድመት አብዛኛውን ጊዜ 8 ጡት አላት። ግልገሎቹ በጥቂት ቀን ውስጥ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጡት ለይተው ይይዛሉ፤ ይህም ጠባቸውን ያሳንሳል። ሲጠቡም በፊት እግራቸው ጡቷን እያፈራረቁ ይጫኑታል፤ ወተቱ እንዲወርድ የሚያደርገው ይህ ነው። ግልገሉ በራሱ መሽናትና መጸዳዳት ስለማይችል፣ እስከ ሦስት ሳምንት ያህል እናቲቱ ሆዱንና ከጅራቱ ሥር እየላሰች ታስወጣለታለች፤ ጎጆውንም በዚሁ ንጹሕ ታደርጋለች።

እስከ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ ለማጥባት ወደ ልጆቿ የምትሄደው እናቲቱ ናት። ከዚያ በኋላ ልጆቿም ይፈልጓታል። ከአምስተኛው ሳምንት ወዲህ ግን እነርሱ ሲከተሏት እርስዋ ከፍ ወዳለ ስፍራ ወጥታ ትሸሻቸዋለች። ይህ ጭካኔ ሳይሆን ጡት የማስጣል ሥርዐት ነው።

3ኛ፤ ስለ እናቲቱ ምግብ።

ብዙ ሰዎች «ድመት ካልተራበች አይጥ አትይዝም» ይላሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። የጠገበች ድመትም ታድናለች። የምታጠባ ድመት ከወትሮዋ ሁለትና ሦስት እጥፍ ምግብ ያስፈልጋታል፤ ካላገኘች ወተቷ ይነጥፋል፤ ወይም ምግብ ፍለጋ ርቃ ስትሄድ ልጆቿ ይሞታሉ። ድመት ሥጋ በል ስለ ሆነች እንጀራ ብቻ አይበቃትም፤ የሥጋ ወይም የዓሣ ትራፊና ንጹሕ ውሃ ሊሰጣት ይገባል።

4ኛ፤ አደን ስለ ማስተማሯ።

ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ እናቲቱ ያደነችውን ወደ ልጆቿ ታመጣለች። በመጀመሪያ የሞተች አይጥ አምጥታ በፊታቸው ትበላለች፤ ቀጥሎ የሞተችውን ለእነርሱ ትተዋለች፤ በመጨረሻም በሕይወት ያለችውን አምጥታ ትለቅላቸዋለች፤ ብታመልጣቸው መልሳ ትይዝላቸዋለች።

«ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» ሲባል አደን ከተፈጥሮዋ ብቻ የመጣ ይመስላል። ነገር ግን ኩዎ የተባለ ቻይናዊ ሊቅ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1930 ያሳተመው ጥናት ሌላ ያስረዳል። እናታቸው አይጥ ስትገድል እያዩ ካደጉት 21 ግልገሎች 18ቱ አይጥ ገዳዮች ሆኑ። ለብቻቸው ካደጉት 20 ግን 9ኙ ብቻ ገደሉ። ከአይጥ ጋራ አብረው ካደጉት 18 የገደሉት 3 ብቻ ናቸው። እንግዲህ ተፈጥሮ ቢኖርም ትምህርት ያጸናዋል። ግልገልን ገና በአንድ ወሩ ለጎረቤት የሚሰጥ ሰው ያልተማረ ዘበኛ መስጠቱ ነው፤ ስለዚህ 8 ሳምንት ሳይሞላው አይለይ።

5ኛ፤ እናቱ ስለ ሞተችበት ግልገል።

የምታጠባ ሌላ ድመት ከተገኘች ግልገሉን ከልጆቿ ጋራ መቀላቀል ከሁሉ ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ ትቀበለዋለችና። የላም ወተት ከድመት ወተት ይልቅ ሥጋ የሚገነባው ነገር ስለሚያንሰው ግልገሉን አያሳድገውም፤ ብዙ ጊዜም ያስቀምጠዋል። ለድመት ግልገል የተዘጋጀ ወተት ከእንስሳት ሐኪም ቢገኝ ይመረጣል። ሲሰጠውም ለብ ብሎ፣ በሆዱ አስተኝቶ፣ በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ በጥቂት በጥቂቱ ነው። በጀርባው አስተኝቶ ማጠጣት ወተቱን ወደ ሳንባው ስለሚያስገባ ይገድለዋል። የበረደውን ግልገል ከማጠጣት በፊት ማሞቅ ይገባል።

በመጨረሻ የወረዳ ሹማምንት ለሕዝቡ ሊያስረዱ የሚገባቸው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ የአይጥ መርዝ ባለበት ጎተራ ድመት አይለቀቅ፤ የተመረዘች አይጥ የበላች እናት ራስዋ ሞታ ልጆቿንም በረኀብ ታስጨርሳለችና። ሁለተኛው፣ እንግሊዛዊው የእንስሳት ሊቅ ቻርልስ ኤልተን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1953 ባሳተመው ጥናት እንደ ታየው፣ ድመት አይጥ የወረረውን ስፍራ ብቻዋን አታጸዳም፤ አስቀድሞ የጸዳውን ግን አይጥ ዳግመኛ እንዳይገባበት ትጠብቃለች። ስለዚህ ገበሬው አስቀድሞ የጎተራውን ቀዳዳ ይድፈን፤ ዙሪያውን ይመንጥር፤ ከዚያም በኋላ በእናቷ እጅ በደኅና ያደገች ድመት ያኑርበት። ለምታጠባ ድመት የሚሰጠው ትራፊ ጥቂት ነው፤ የሚተርፍለት እኽል ግን የልጆቹ ቀለብ ነው።