የእሳተ ገሞራ አመድና የአርብቶ አደሩ ውኃ

እሳተ ገሞራ ሲነሣ ዐይን የሚስበው እሳቱ ቢሆንም፣ ርቆ ተጉዞ የሰውንና የከብትን ኑሮ የሚጎዳው አመዱ ነው።

በከርሠ ምድር የቀለጠ ዐለት የውኃ እንፋሎትንና ሌሎች ጋዞችን አምቆ ይይዛል። ወደ ላይ በወጣ መጠን የተጫነው ክብደት ስለሚቀንስ ጋዙ አረፋ ሆኖ ይሰፋል፤ መውጫ ያጣ እንደ ሆነም ዐለቱን በታትኖ ይፈነዳል። ስለዚህ ይህ አመድ እንደ ምድጃ አመድ የእንጨት ቅሪት ሳይሆን የደቀቀ ዐለትና ብርጭቆ ነው።

በአፋር ክልል የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በፈነዳ ጊዜ፣ አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቶ ቀይ ባሕርን በመሻገር እስከ ህንድ ደርሷል። በአፍዴራ አካባቢ ደግሞ በግጦሹ ላይ ወርዶ ከብቶችን መኖ አሳጥቷል።

አመድ በሚወርድበት ጊዜ ጉድጓድንና ገንዳን መክደን፣ አፍንጫንና አፍን በጨርቅ መሸፈን፣ ከብቶችንም አመድ ከለበሰ ግጦሽ ማራቅ ይገባል፤ ከሣር ጋር የሚበሉት አመድ ጥርሳቸውን ይፍቃል፣ በላዩ ያለው ፍሎራይድም ሊመርዛቸው ይችላልና። እኛም በእነዚህ አካባቢዎች የውኃ ተቋም ስንሠራ፣ ክዳኑን ከግንባታው ጋር አብረን ልናቅድ ይገባናል።