ሳይነኩት «ሴቭ ላድርግ?» ለሚል የኤክሴል ፋይል

የሽያጭ ፋይል ከፍተው አንድ ቁጥር ብቻ አይተው ሲዘጉ ኤክሴል ለውጡን ሴቭ ላድርግ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ከልማድ አንዱን ተጭኖ ያልፋል። እኔ ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ መታለፍ የለበትም እላለሁ፤ ጥያቄው ፋይሉ ውስጥ በራሱ የሚሰላ ነገር እንዳለ ይጠቁማልና።

አንዳንድ ፎርሙላዎች ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር እንደ አዲስ ይሰላሉ፦ የዕለቱን ቀን የሚያመጣው ቱደይ፣ ሰዓት የሚጨምርበት ናው፣ የዕጣ ቁጥር የሚያወጡት ራንድና ራንድቢትዊን፣ እንዲሁም ኦፍሴትና ኢንዳይሬክት። ውጤቱ ያው ቢሆን እንኳ ስሌቱ በመካሄዱ ብቻ ኤክሴል ፋይሉ ተለውጧል ይላል።

እነዚህን ለማግኘት መጀመሪያ የተደበቁ ሺቶችን ይግለጡ። ኮንትሮልና ኤፍን ተጭነው «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ዊዝኢን» የሚለውን ወደ «ወርክቡክ»፣ «ሉክ ኢን» የሚለውን ወደ «ፎርሙላስ» ይቀይሩ። ከዚያ የፎርሙላዎቹን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ከነመክፈቻ ቅንፉ፣ በየተራ እየጻፉ «ፋይንድ ኦል» ይጫኑ።

ቱደይን ደረሰኝ ወይም ደብዳቤ ላይ ካገኙት ጉዳዩ ከባድ ነው። በጥር የተሠራ ደረሰኝ በሰኔ ሲከፈት የሰኔን ቀን ያሳያል፤ ዳግም ከታተመማ ከመጀመሪያው ቅጂ ጋር አይገጥምም። እንዲህ ባለው ሴል ላይ ትክክለኛውን ቀን ከታተመው ቅጂ አይተው በእጅ ይጻፉ። ለአዲስ ሰነድ ኮንትሮልን ከሴሚኮለን ጋር ሲጫኑ የዕለቱ ቀን ገብቶ እዚያው ይቀራል። ቱደይ የገባው የብድር መክፈያ ቀሪ ቀናትን ለመቁጠር ከሆነ ግን ቦታው ነውና ይተዉት፤ ሲዘጉ «ዶንት ሴቭ» ቢሉ የሚጎድል ነገር የለም።

በራንድ የተመረጠ የኦዲት ናሙና ካለ ኮፒ አድርገው በ«ፔስት ስፔሻል» «ቫሊዩስ» ብለው ይለጥፉት፤ አለዚያ ናሙናው በየጊዜው ይቀያየራል።

ፍለጋው ባዶ ከሆነ ሁለት ነገር ይመልከቱ። ፋይሉ በቀደመ የኤክሴል እትም ተሰልቶ ከነበረ አዲሱ እትም ሲከፍተው ሁሉንም እንደገና ያሰላል፤ በአዲሱ አንዴ ሴቭ ማድረግ ይበቃል። ቢሮው ውስጥ አሮጌና አዲስ እትም ተቀላቅለው ከሆነ ግን ጥያቄው ይመላለሳል። ሌላው ከሌላ ፋይል ቁጥር የሚስብ ሊንክ ነው፤ «ዳታ» ሥር ያገኙታል። «ብሬክ ሊንክ» ፎርሙላውን ወደ ቁጥር ስለሚለውጥና ስለማይመለስ አስቀድመው ፋይሉን ኮፒ ያድርጉ።

ስሌቱን ማንዋል ማድረግን አልመክርም፤ ቅንብሩ አብረው ወደተከፈቱ ፋይሎች ይዛመትና ያረጀ ድምር ያስነብባል። ከሁሉ የከፋው ሲዘጋ ጥያቄውን ዝም የሚያሰኝ ማክሮ ነው። እውነተኛውን ለውጥም ያለ ጥያቄ ያስጥላል፤ በደረሰዎት ፋይል ውስጥ ካገኙት ያውጡት።